«ጠላት በመካከላችን አለ» የሚለው ንግግር እንዴት ይሠራል?

ስሙኝማ ወዳጆቼ! አንድ ነገር ፍንትው ብሎ ታየኝና ሳልነግራችሁ መዋል አልቻልኩም። ጉዳዩ የፖለቲካ ንግግር ነው። ፖለቲካ ስላልኩ ፊታችሁን እንዳታዞሩ፤ የፓርቲ ስም ማወቅም ሆነ የታሪክ መጽሐፍ ማገላበጥ አይጠበቅባችሁም። መጨረሻ ላይ ይዛችሁ የምትሄዱት አንዲት አጭር ጥያቄ ናት። እሷ ከገባቻችሁ ግን የብዙ አገርና የብዙ ዘመን ታሪክ አብሯት ይገባችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሮም፣ በፓሪስ፣ በበርሊን፣ በሞስኮ፣ በዋሽንግተን፣ በአዲስ አበባ፣ እርስ በርሳቸው ጭራሽ የማይመሳሰሉ መሪዎች ተነስተው አንድ ዓይነት ነገር ተናግረዋል። ትልቁ አደጋ ከድንበር ማዶ ያለው አይደለም፤ አብሮን የሚበላ፣ አብሮን የሚጠጣ፣ የኛኑ ቋንቋ የሚናገር ጠላት በመካከላችን ተቀምጧል ብለዋል። ብዙ ሰውም ደጋግሞ አምኗቸዋል፤ የተማረውም ያልተማረውም፣ ደጉም ክፉውም። ለምን? «ሰው ሞኝ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ግን አይደለም። ንግግሩ ራሱ የሚሠራበት መንገድ አለው። እስቲ ደረጃ በደረጃ እንየው። (ከአገራችን ታሪክ በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፦ ፍርሃቱ እውነት ነው

ይህ ንግግር ከባዶ አይነሳም። ሁልጊዜ ከሥሩ አንድ እውነተኛ ነገር አለ፤ ጦርነት፣ ሽንፈት፣ ረሃብ ወይም ሴራ።

ከሩቁ እንጀምር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ዓመት ሮም ውስጥ ካቲሊና የሚባል ከመኳንንት ወገን የሆነ ሰው መንግሥት ለመገልበጥ አሴረ። የዓመቱ ቆንስል ሲሴሮ በሴኔቱ ፊት ቆሞ አጋለጠው። ልብ በሉ፤ ሴራው እውነት ነበር። የሴረኞቹ ደብዳቤዎች ተይዘው ተነብበዋል። ነገር ግን ሲሴሮ ከተያዙት ሰዎች አምስቱን ፍርድ ቤት ሳያቀርብ አስገደላቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ እሱ ራሱ የሮም ዜጋን ያለ ፍርድ ገድለሃል ተብሎ ተሰደደ። አያችሁት? ሴራው እውነት ሆኖ እንኳ «ጠላት ከውስጥ ነው» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ሥራው ፍርድ ቤቱን መዝለል ነበር።

አሁን ወደ ጀርመን እንሂድ፤ እዚህ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። በ1918 መጋቢት ወር ጀርመን ሩሲያን አሸንፋ ስምምነት አስፈርማ ነበር። ጦርነቱ በኅዳር ሲያበቃም ወታደሮቿ ገና ቤልጅየምና ፈረንሳይ መሬት ላይ ነበሩ። እና እናንተ በዚያ ዘመን በርሊን የምትኖሩ እናት ብትሆኑ፣ ልጃችሁ ሞቶ፣ በረሃብ አራት ክረምት አሳልፋችሁ፣ አንድ ቀን «ተሸንፈናል» ብትባሉ ምን ትጠይቃላችሁ? «እንዴት ሊሆን ይችላል?» ነዋ! ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ከልብ የሚወጣ ነው።

መልሱን የሚያውቁት ጄኔራሎቹ ነበሩ። በ1918 መስከረም ማብቂያ ላይ «ጦሩ ሊቀጥል አይችልም፤ ቶሎ የተኩስ አቁም ጠይቁልን» ብሎ መንግሥትን ያጣደፈው ከዋናዎቹ የጦር መሪዎች አንዱ የሆነው ሉደንዶርፍ ራሱ ነው። ለፊርማው የተላኩትን ሰዎች የመራው ግን ሲቪሉ ፖለቲከኛ ማቲያስ ኤርዝበርገር ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1919፣ ፊልድ ማርሻል ሂንደንቡርግ በምክር ቤቱ መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሠራዊቱ ከጀርባው ተወግቷል አለ። በቃ! የተሸነፈው ጦር በአንድ ጊዜ የተካደ ጦር ሆነ። ሽንፈት ያዘዘውን ሰው ይጠይቃል፤ ክህደት ግን ጎረቤትን ያስጠይቃል። ኤርዝበርገር በነሐሴ 1921 ተገደለ። አይሁዳዊው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቫልተር ራተናው በሰኔ 1922 ተገደለ።

የመጀመሪያው ደረጃ እንግዲህ ይህ ነው። ጥያቄው የሕዝብ ነው፤ እውነተኛ ነው። መልሱን ግን ተጠያቂ መሆን የነበረበት ሰው ያቀብላል። ብዙ ብልህ ሰው የሚያምነውም ለዚህ ነው። የሚያስጨንቀውን ጥያቄ ሌላ ማንም ስላልመለሰለት!

ሁለተኛ፦ ጠላቱ መልክ የለውም

የውጭ ጠላት ዩኒፎርም አለው፤ ከድንበር ማዶ ይቆማል፤ ሲመጣ ይታያል። የውስጥ ጠላት የተባለው ግን እናንተን ይመስላል። እንዳይታወቅ የሚያደርገው ነገር፣ ማለትም እንደማንኛውም ሰው መሆኑ፣ ዋናው ወንጀሉ ይሆናል።

በ1936 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጄኔራል ኤሚሊዮ ሞላ ማድሪድን ለመያዝ እየገሰገሰ ሳለ፣ ከአራቱ የጦር ረድፎቹ ሌላ ከተማዋ ውስጥ ተደብቆ የሚጠብቅ አምስተኛ ረድፍ እንዳለው ተናገረ ተባለ። «አምስተኛ ረድፈኛ» የሚለው ስድብ የተነሳው ከዚያ ነው። የዚያች አንዲት ቃል ሥራ ምን እንደነበር ተመልከቱ፤ አንድ ጥይት ሳይተኮስ የከተማው ሰው እርስ በርሱ በጥርጣሬ መተያየት ጀመረ። በዚያው ዓመት ኅዳርና ታኅሣሥ ከማድሪድ እስር ቤቶች ተወስደው ፓራኩዌዮስ በሚባል ቦታ የተረሸኑት እስረኞች ከ2,000 በላይ ናቸው። ማድሪድ ደግሞ እስከ መጋቢት 1939 ድረስ አልተያዘችም።

መልክ የሌለውን ጠላት ሕግ ሊጽፍለት የሚሞክር ሰው ምን ይጽፋል? ፈረንሳይ ይህን ሞክራዋለች። አብዮቱ ከውጭ በኦስትሪያና በፕሩሲያ፣ ከውስጥ በቫንዴ አመፅ ተወጥሮ ሳለ፣ መስከረም 17 ቀን 1793 «የተጠርጣሪዎች ሕግ» የሚባል ወጣ። ተጠርጣሪ ማነው? በአኳኋኑ፣ በግንኙነቱ፣ በንግግሩ ወይም በጽሑፉ የነጻነት ጠላት መሆኑ የታየ። የጥሩ ዜጋነት የምስክር ወረቀት የተከለከለ። ከመኳንንትና ከዘመዶቻቸው መካከል ደግሞ ለአብዮቱ ያለውን ታማኝነት ሳያቋርጥ ያላሳየ።

ቆይ ቆይ፣ የመጨረሻውን ድገሙት! ያላሳየ። ምንም ያላደረገ ሰው ማለት ነው እኮ! ቤቱ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው፣ በመቀመጡ ብቻ ሕጉ ይይዘዋል። እዚህ ጋ አንድ ነገር ሊገባኝ ጀመረ፤ ሙሉ በሙሉ የበራልኝ ግን ቀጥሎ በምነግራችሁ ታሪክ ነው።

ሦስተኛ፦ ማስረጃ አለመኖሩ ማስረጃ ሆነ

ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች። አሜሪካ ደነገጠች፤ ብትደነግጥም አይፈረድባትም። ከጥቂት ቀን በኋላ የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ፍራንክ ኖክስ ሃዋይ ውስጥ አምስተኛ ረድፍ ትልቅ ሥራ ሠርቷል ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። እውነት አልነበረም፤ ግን ወሬው በረረ። በምዕራብ ጠረፍ ግዛቶች፣ በተለይ በካሊፎርኒያ፣ ብዙ የጃፓን ተወላጆች ይኖሩ ነበር። አብዛኞቹ እዚያው የተወለዱ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው፤ አራሾች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ ባለ ሱቆች፣ ተማሪዎች።

ሰዉ መጠበቅ ጀመረ። ድልድይ ያፈርሱ ይሆን? ፋብሪካ ያቃጥሉ ይሆን? ታኅሣሥ አለፈ፤ ጥር አለፈ፤ ምንም የለም። የካቲት ገባ፤ አሁንም ምንም የለም።

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? «እፎይ፣ ስጋታችን ከንቱ ነበር» ትሉ ይሆናል። የምዕራብ ጠረፍ የጦር አዛዡ ጄኔራል ጆን ዴዊት የካቲት 14 ቀን 1942 ለጦር ሚኒስትሩ በላከው ጽሑፍ ግን ያለው ሌላ ነው። እስካሁን ምንም ጥፋት አለመፈጸሙ ራሱ የሚያስጨንቅ ምልክት ነው፤ ወደፊት እንደሚፈጸም የሚያረጋግጥ ነው አለ።

እንዴ! ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምንም አለማድረጋቸው፣ ሊያደርጉ መሆኑን አረጋገጠ!

ወዳጆቼ፣ በራልኝ የምለው ይህችን ጊዜ ነው፤ እስቲ ቀስ ብላችሁ ከኔ ጋር አስቡት። አንድ ድልድይ ቢፈርስ ኖሮ፣ «ይኸው፣ ጠላት ናቸው» ይባል ነበር። ምንም አልፈረሰም፤ «ይኸው፣ ጊዜ እየጠበቁ ነው» ተባለ። ቢናገሩ ማስመሰል ነው፤ ዝም ቢሉ መደበቅ ነው። ባንዲራ ቢሰቅሉ ሽፋን ነው፤ ባይሰቅሉ ንቀት ነው። ታዲያ እነዚያ ሰዎች ንጹሕ መሆናቸውን ለማሳየት ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፤ አንድም ነገር አላገኘሁም። ምንም!

እና ያቺ የነገርኳችሁ ጥያቄ ከዚህ ትወለዳለች። «ይህ ሰው ንጹሕ ቢሆን ኖሮ፣ አሁን ከምናየው ምን የተለየ ነገር እናይ ነበር?» መልሱ «ምንም የተለየ ነገር አናይም» ከሆነ፣ ክሱ ስለዚያ ሰው የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። ስለ ተናጋሪው ፍርሃት ወይም ፍላጎት ብቻ ነው የሚነግረን።

ዴዊት ያን በጻፈ በአምስተኛው ቀን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ። ወደ 120,000 የሚጠጉ ሰዎች ቤታቸውንና ንብረታቸውን ጥለው፣ ብዙዎቹ በረሃ ላይ ወደተሠሩ ካምፖች ተጋዙ። በ1943 ደግሞ እዚያው ካምፕ ውስጥ የታማኝነት ቅጽ ተሰጣቸው። አንደኛው ጥያቄ ለአሜሪካ ታማኝ ለመሆንና ለጃፓን ንጉሠ ነገሥት ያለህን ታማኝነት ለመካድ ትምላለህ ወይ የሚል ነበር። አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ወጣት «አዎ» ቢል፣ ቀድሞ ለንጉሡ ታማኝ እንደነበረ ያመነ ይመስላል። «አይ» ቢል ከሃዲ ነው። ቅጹም እንደ ክሱ መውጫ የለውም!

በመጨረሻ ምን ተገኘ? የአሜሪካ ምክር ቤት ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ከአርባ ዓመት በኋላ ጉዳዩን አጥንቶ፣ በምዕራብ ጠረፍ በጃፓን ተወላጆች የተፈጸመ የስለላም ሆነ የጥፋት ድርጊት በማስረጃ አለመገኘቱን አስታወቀ። ምክንያቱ የዘር ጥላቻ፣ የጦርነት ድንጋጤና የመሪዎች ድክመት ነው አለ። በ1988 መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሣ ወሰነ።

ይህ ከገባችሁ በኋላ ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ ጀርመንን ተመልከቱ። ገና ጦርነቱ እየተካሄደ፣ በጥቅምት 1916፣ አይሁዶች ከግንባር ይሸሻሉ የሚል ሐሜት በዛና የጦር ሚኒስቴሩ በሠራዊቱ ያሉት አይሁዶች እንዲቆጠሩ አዘዘ። ጥሩ ነው፤ ይቆጠርና እውነቱ ይውጣ። ተቆጠሩ። ውጤቱ ግን ጦርነቱ እስኪያበቃ አልታተመም! በዚያ ጦርነት 100,000 ያህል ጀርመናውያን አይሁዶች ዘምተው 12,000 ያህሉ ሞተዋል። ሐሜቱን ሊገድል ይችል የነበረ ቁጥር መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ፤ መቆጠራቸው ብቻ «ሳይጠረጠሩ መች ይቆጠራሉ» አሰኘ። እነዚያ ሰዎችም ንጹሕነታቸውን የሚያሳዩበት መንገድ ተዘጋባቸው።

አራተኛ፦ ክሱ ራሱን ይወልዳል

«እሺ፣ አንድ ጊዜ ተሳሳቱ፤ ሲረጋጉ አይቆምም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነው፤ መልሱ ደግሞ ወጥ ቤታችን ውስጥ አለ። እናት እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ ከሊጡ ጥቂት ታስቀራለች፤ እርሾ። ያን እርሾ በሚቀጥለው ቡኮ ላይ ትጨምረዋለች፤ አዲሱ ሊጥ ኩፍ ይላል። ከእሱም እንደገና ታስቀራለች። እርሾው እስካለ ድረስ ቡኮ አይቋረጥም። የውስጥ ጠላት ክስም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ እስር ለሚቀጥለው እስር እርሾ ያስቀራል። የታሰረው ሰው ስም ይጠየቃል፤ የጠራቸው ሰዎች ይታሰራሉ፤ እነሱም ይጠየቃሉ። የታሳሪው ቁጥር ሲበዛ ደግሞ «ይኸው፣ ጠላት ምን ያህል እንደነበረ አያችሁ» ይባላል። ቁጥሩን ያበዛው እስሩ ሆኖ ሳለ!

ፓሪስ ይህን በቁጥር ታሳያለች። ሰኔ 10 ቀን 1794 አዲስ ሕግ ወጣ፤ ተከሳሽ ጠበቃ የለውም፣ ፍርዱም ወይ ሞት ወይ ነጻ መውጣት ብቻ ነው። በሰኔ 26 ደግሞ የፈረንሳይ ጦር ፍለሩስ ላይ ኦስትሪያን አሸነፈ። ስጋቱ ቀለለ ማለት ነው፤ አይደል? ግድያው ግን አልቀነሰም! ሕጉ ከወጣ በኋላ ሰባት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ፓሪስ ውስጥ ከ1,300 በላይ ሰው በጊዮቲን አንገቱን ተቀላ። የመጀመሪያው ፍርሃት ባይኖርም እርሾው በቂ ነበር።

ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 1937 የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 00447 ለየክልሉ ስንት ሰው እንደሚረሸንና ስንት ሰው ካምፕ እንደሚገባ ኮታ ደለደለ። አስቡት፤ ቁጥሩ ከሰዎቹ ቀድሞ ወጣ! በ1937 እና በ1938 ብቻ ወደ 680,000 ሰው እንደተረሸነ የራሳቸው መዝገብ ያሳያል። የአገሪቱ መሪ ክሩሽቾፍ በየካቲት 1956 በዝግ ስብሰባ ባደረገው ንግግር ይህን አሠራር አፍረጥርጦታል። አንድን ሰው «የሕዝብ ጠላት» ማለት ብቻ፣ ጥፋቱን የማስረዳቱን ድካም አላስፈላጊ አድርጎት ነበር አለ።

አንድ ልጨምርላችሁ፣ ይህኛው በጣም ገርሞኛል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ የሆሊውድ ሰዎችን እየጠራ የኮሚኒስት ጓደኞቻችሁን ስም ጥሩ ይላቸው ነበር። ብዙውን ጊዜ ስሞቹን ኮሚቴው አስቀድሞ ያውቃቸዋል! ታዲያ ለምን ይጠይቃል? ስም የጠራ ሰው ከዚያ በኋላ ከከሳሾቹ አንዱ ስለሚሆን ነው። ጓደኛውን አሳልፎ ከሰጠ በኋላ «ነገሩ ሁሉ ውሸት ነው» ማለት እንዴት ይችላል? እርሾው መረጃ አልነበረም፤ ተባባሪው ሰው ራሱ ነበር።

አምስተኛ፦ የጀመረውንም አይምርም

መውጫ የሌለው ክስ ለማንም መውጫ የለውም፤ ለከሳሹም ጭምር። ከፈረንሳይ አብዮት መሪዎች አንዱ ዳንቶን፣ የፓሪሱ የአብዮት ፍርድ ቤት በመጋቢት 1793 እንዲቋቋም ከገፋፉት አንዱ ነው፤ በሚያዝያ 1794 ያው ፍርድ ቤት ሞት ፈረደበት። ሌላው የአብዮቱ መሪ ሮብስፒየር ሐምሌ 26 ቀን 1794 በምክር ቤቱ ፊት ቆሞ ሴረኞች በመካከላችን አሉ አለ፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ስም ስላልጠራ እዚያ የተቀመጠው ሁሉ «እኔን ይሆን?» አለ። በማግስቱ ተባብረው አሰሩት፤ በሁለተኛው ቀን ተገደለ። በሞስኮ የምሥጢር ፖሊሱ አለቃ ያጎዳ በ1938 ተረሸነ፤ የተካው ዬዦቭም በ1940 ተረሸነ።

የኛንም ታሪክ ልንዘለው አንችልም። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የወታደራዊው መንግሥት የደርግ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶች ከሕዝብ ፊት ከሰከሱ። እዚህም ከሥሩ እውነተኛ ነገር ነበር፤ ኢሕአፓ የሚባለው ተቃዋሚ ድርጅት በከተማ የደርግን ባለሥልጣናትና ደጋፊዎች ይገድል ነበር፤ ሶማሊያም ልትወር እየተዘጋጀች ነበር። ነገር ግን «አናርኪስት»፣ «ፀረ አብዮተኛ»፣ «አምስተኛ ረድፈኛ» የሚሉት ቃላት ጥይት የተኮሰውን ከወረቀት በታኙ፣ በታኙን ወረቀት ካነበበው፣ ያነበበውን ከወንድሙ አልለዩም። በቀበሌ ስብሰባ ራስህን አጋልጥ፣ ሌላውን አጋልጥ ተባለ። የሚያጋልጠው የሌለው ሰው ምን ያድርግ? መልስ የለም።

ያን ጊዜ መኢሶን የሚባለው ድርጅት ከደርግ ጎን ቆሞ ኢሕአፓን ያወግዝ ነበር። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከደርግ ጋር ተለያይቶ ሲሸሽ፣ ተራው የእሱ ሆነ፤ መሪዎቹና አባሎቹ ታድነው ተገደሉ። በኅዳር 1970 ዓ.ም. ደግሞ የደርጉ ምክትል ሊቀመንበር ኮሎኔል አጥናፉ አባተ በገዛ ጓዶቻቸው ተገደሉ። ቀይ ሽብር በተባለው በዚያ ጊዜ ስንት ወጣት እንዳለቀ በየቤታችን ፎቶግራፍ ይመሰክራል። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ዛሬ የቆመው ጠርሙሶቹ የተሰበሩበት አደባባይ ዳር፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ ነው። እባካችሁ ሂዱና እዩት።

ስድስተኛ፦ እውነተኛው ሰላይስ?

አሁን የሚከብደውን ጥያቄ ጠይቁኝ። «ሰላይም ከሃዲም በእውነት አለ እኮ! ማንንም አንጠርጥር ልትለን ነው?» አይደለም! እዚህ ላይ ታሪክ ሁለቱን ነገሮች በአንድ ሳምንት ልዩነት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦልናል። ሳየው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ጥያቄያችን በትክክል እንደምትሠራ ያሳያልና።

የካቲት 2 ቀን 1950 ለንደን ውስጥ ክላውስ ፉክስ የሚባል ሳይንቲስት ታሰረ። የአቶም ቦምብ ምሥጢር ለሶቪየቶች አቀብሏል። እውነተኛ የውስጥ ሰላይ! የተደረሰበት የሶቪየት የምሥጢር መልእክቶች ተፈትተው ነው፤ ሲጠየቅም አመነ። በመጋቢት ፍርድ ቤት ቀርቦ 14 ዓመት ተፈረደበት፤ በ1959 ተፈታ። አሁን ጥያቄያችንን እንጠይቅ፤ ፉክስ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ የተለየ ነገር እናይ ነበር? አዎ! መልእክቶቹ ወደ ሌላ ሰው ባመለከቱ ነበር፤ የጉዞውና የሥራው ጊዜ ባልገጠመ ነበር። ክሱ መውጫ ነበረው፤ ሰውዬው ግን አጥፍቶ ስለነበር ሊወጣበት አልቻለም።

ልክ በሳምንቱ፣ የካቲት 9 ቀን 1950፣ ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ዊሊንግ በምትባል ከተማ ተነስቶ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያሉ ኮሚኒስቶች ስም ዝርዝር በእጄ አለ አለ። ጋዜጦች 205 እንዳለ ጻፉ። በቀናት ውስጥ ቁጥሩ 57 ሆነ። ሴኔት ሲደርስ 81 ሆነ። ዝርዝሩን ግን ማንም አላየውም። ጥያቄያችንን እንድገማት፤ ኮሚኒስት የሚባል አንድም ሰው እዚያ ባይኖር ኖሮ ንግግሩ ምን ይለወጥ ነበር? ምንም! ቁጥሩ እንደሆነ አስቀድሞም እየተለወጠ ነው።

አያችሁ ልዩነቱን? አንደኛው ሰው፣ ድርጊት፣ ቀንና ፍርድ ቤት አለው። ሁለተኛው ጭብጨባ ብቻ አለው። ሰላይን የሚይዘው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ግን ያገር ልጅን እርስ በርሱ ያስፈራራል።

ማን አስቆመው?

በመጨረሻም ይህን አሠራር የሚያስቆመው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ተስፋ የሰጠኝ ክፍል ይህ ነው። ማካርቲን ተቃዋሚዎቹ ሲነቅፉት ጉልበት ይጨምርለት ነበር፤ «ይኸው፣ ጠላቶቹ ተንጫጩ» ይላላ። ለእሱ የከበደው ከራሱ ወገን የመጣው ቃል ነው። በሰኔ 1950 የሜይን ሴናተር ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ፣ የእሱው የሪፐብሊካን ፓርቲ አባል፣ በሴኔቱ ተነስታ ፓርቲዬ በፍርሃትና በስም ማጥፋት እንዲያሸንፍ አልፈልግም አለች። ስድስት የፓርቲዋ ሴናተሮች አብረዋት ፈረሙ። ወዲያው አልቆመም፤ አራት ዓመት ፈጀ። በ1954 ማካርቲ ጦር ሠራዊቱን ሲከስ ሕዝቡ በቴሌቪዥን ተመለከተው። በሰኔ 9 የሠራዊቱ ጠበቃ ጆሴፍ ዌልች፣ ማካርቲ የአንድ ወጣት ባልደረባውን ስም በሕዝብ ፊት ሲያጠፋበት፣ ለመሆኑ ጨዋነት የሚባል ነገር አልቀረህም ወይ ብሎ ጠየቀው፤ አዳራሹም ለዌልች አጨበጨበ። ታኅሣሥ 2 ቀን 1954 ሴኔቱ በ67 ድምፅ ለ22 ማካርቲን ወቀሰ። ከነዚያ ከ67ቱ 22ቱ የማን ሰዎች ነበሩ? የራሱ ፓርቲ!

እንግዲህ ያቺን ጥያቄ ያዟት። ባላንጣዎቻችን ሲናገሩ ማንም ሳይነግረን ጆሯችን ይነቃል፤ ያኔ መጠየቅ ቀላል ነው። የምንወደው መሪ፣ የኛ ወገን ተናጋሪ፣ ልናጨበጭብለት እጃችንን ያነሳንለት ሰው «ከመካከላችን ጠላት አለ» ሲል ግን መጠየቅ ያለብን እኛ ነን፤ ከኛ በቀር ቢጠይቅ የሚሰማው የለምና። ማነው? ምን አደረገ? መቼ? ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ምን የተለየ ነገር እናይ ነበር? መልስ ካለው ፍርድ ቤት ይቅረብ፤ ከሌለው ጭብጨባችንን እንያዝ።